የዘፈን ፊልም ታሪኩ ለተመልካች ግልጥ እንዲሆን ስለ ማቀናበር

ነገር በየተራው ካልተነገረ እውነቱ ሐሰት፥ ንጹሑም ሰው በደለኛ ይመስላል። የምስክርን ቃል ሲሰማና ሲጽፍ የኖረ ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል። ምስክሩ አንዲት ቃል ሳይዋሽ፥ በኋላ የሚነገረውን አስቀድሞ፥ በፊት የሚነገረውን ቢያስቀር፥ ሰሚው ያልተባለውን ነገር አምኖ ይነሣል። የተንቀሳቃሽ ሥዕልም ነገር እንደዚሁ ነው። ሥዕሉ ለብቻው ሲታይ አይዋሽም፤ ነገር ግን አንዱ ሥዕል ከሌላው ጋራ ሲጋጠም ከሁለቱም ውስጥ ያልነበረ ሦስተኛ ነገር ይናገራል።

ቀድሞ በአዲስ አበባ ሲኒማ ሲጀመር ብዙ ሰዎች ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብለው ይሸሹት እንደ ነበረ ይነገራል። ዛሬ ግን ልጆቻችን በኪሳቸው በሚይዙት ስልክ ፊልም ያነሣሉ፤ በኮምፒዩተርም ቈርጠው ይቀጥሉታል። በትምህርት ቤትም የሙዚቃ ቪዲዮ፥ እነርሱ በአጭሩ ክሊፕ የሚሉትን፥ እንዲሠሩ ይታዘዛሉ። ወላጅ ይህን ጥበብ ባያውቀው እንኳ፥ ልጁ ሠርቶ ባሳየው ጊዜ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ማወቅ ይገባዋል። ስለዚህ ዛሬ በቤታችን የሆነውን አንድ ነገር ለቤተ ሰብ ትምህርት ይሆን ዘንድ እናቀርባለን።

የእኅቴ ልጅ ከሦስት የትምህርት ጓደኞቿ ጋራ አንድ የዘፈን ፊልም ሠርታ ነበር። ዘፈኑን ያወጣው ከጓደኞቿ አንዱ ሲሆን ርዝመቱ 4 ደቂቃ ነው። ለፊልሙ የመረጡት ታሪክ ከገዛ ቤታችን የተወሰደ ነው። እኅቴ ባሏ ከሞተ በኋላ ልጂቱን ለማስተማር ገንዘብ ባጣች ጊዜ፥ ከእናቷ የወረሰችውን የብር ድሪ ለአንጥረኛ ሸጠች፤ ይህንንም ለልጂቱ አልነገረቻትም ነበር። ልጂቱ ነገሩን ከሰው የሰማችው ከዓመታት በኋላ ነው። በፊልሙም ላይ አንድ ነገር ጨመረችበት፤ ይኸውም ልጂቱ ተምራ ሥራ ከያዘች በኋላ ድሪውን ከአንጥረኛው ሱቅ አግኝታ፥ ዋጋውን ከፍላ፥ በእናቷ አንገት ላይ መልሳ ታጠልቀዋለች። ይህ ፍጻሜ ገና ያልሆነ፥ የልጂቱ ምኞት ነው። የእናቲቱንም ክፍል እኅቴ ራሷ እንድትሠራ ለምነው እሺ አሰኟት።

ሥራው አለቀ በተባለ ጊዜ በአንድ እሑድ ከቡና በኋላ ለቤተ ሰቡና ለጎረቤቱ አሳዩን። ሥዕሉ የጠራ፥ ቀለሙም ያማረ ነበር። በተፈጸመ ጊዜ ሁላችን አጨበጨብን። አንዲት ባልቴት ጎረቤታችን ግን ወደ ልጂቱ ዘወር ብለው፥ «ልጄ፥ እናቲቱ ድሪዋን ማን እንደ ሰረቀባት ኋላ አወቀች ወይስ ሳታውቅ ቀረች?» ሲሉ ጠየቁ።

ልጂቱም ደንግጣ፥ «እማማ፥ የሰረቀ ሰው እኮ የለም» አለች።

ባልቴቲቱም፥ «እንዴት የለም? ድሪውን ቆመሽ ስትመለከችው አየሁ። ከዚያ ሙዳዩ ባዶ ሆነ። አንቺም ጓዝሽን ይዘሽ ወደ መናኸሪያ ሮጥሽ። በመጨረሻውም ጸጸት ያዘሽና መለስሽው። መመለስሽስ ደግ ነው» ብለው መለሱላት።

ከጎረቤቶቹም ሁለት ሦስቱ እንዲሁ እንደ መሰላቸው ተናገሩ። እኅቴ ምንም ቃል ሳትመልስ ስኒውን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። ልጇን ሌባ የሚያደርግ ፊልም በገዛ ፊቷ ተሠርቶ መታየቱ ነበር ነገሩ። ፊልሙም በሚመጣው ዓርብ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ በወላጆችና በመምህራን ፊት ሊታይ የተቀጠረ ነበርና የቀረው ጊዜ አምስት ቀን ብቻ ነው።

ወጣቶቹ በመጀመሪያ ጥፋቱን በተመልካቹ ላይ ሊያደርጉ ሞከሩ። «በግጥሙ ላይ እኮ እናቲቱ እንደ ሸጠችው ተነግሯል» አሉ። ነገር ግን ግጥምን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው፥ ከበሮውና ክራሩ እየተሰማ፥ ዐይኑም በሥዕል ተይዞ ሳለ፥ ቃሉን ሁሉ አይለቅምም። ዐይን ያየውን ጆሮ አያስተባብለውም። ስለዚህ ፊልሙን እንደገና እያቆምን በየተራው ተመለከትነው። በመጀመሪያ በእናቲቱ አንገት ላይ ድሪው ይታያል፤ ቀጥሎ ልጂቱ ትክ ብላ ስትመለከት፤ ከዚያ ዘፋኙ ሲዘፍን፤ ከዚያ ባዶው ሙዳይ፤ ከዚያ ልጂቱ ስትሮጥ። «እናቲቱ ወደ አንጥረኛው ስትሄድ የተነሣው ሥዕል ወዴት ደረሰ?» ብዬ ብጠይቅ፥ ከወጣቶቹ አንዱ «ጋሼ፥ እሱ ጨለም ብሎ ወጣ፤ ካሜራውም ተንቀጥቅጦ ስለ ነበር ጣልነው» አለኝ። የልብሱን ማደፍ አይተው ዋናውን ምስክር ከችሎት አስወጥተውት ኖሯል።

ይህን የመሰለ ስሕተት በእነዚህ ወጣቶች የተጀመረ አይደለም። ሉሚዬር የተባሉት የፈረንሳይ ወንድማማቾች በአውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 28 ቀን 1895 በፓሪስ ከተማ ለሕዝብ በገንዘብ ፊልም ባሳዩ ጊዜ፥ እያንዳንዱ ፊልም አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ነበረ። ካሜራው በአንድ ስፍራ ቆሞ በፊቱ የሆነውን ያነሣል እንጂ ሥዕል ከሥዕል አይጋጠምም ነበር። ሥዕልን እየቀጠሉ ታሪክ መናገር ሲጀመር ግን የቅደም ተከተል ችግር አብሮ መጣ። ኤድዊን ፖርተር የተባለው አሜሪካዊ በ1903 ስለ እሳት አጥፊዎች በሠራው ፊልም፥ አንዲት ሴትና ልጇ ከሚቃጠል ቤት ሲድኑ በመጀመሪያ ከቤቱ ውስጥ ሆኖ እስከ መጨረሻው ያሳያል፤ ቀጥሎም ያንኑ ማዳን ከውጭ ሆኖ እንደገና ከመጀመሪያው ያሳያል። በኋላ ዘመን ይህ ፊልም ተቈራርጦ፥ የውስጡና የውጭው እየተፈራረቀ ተቀጠለ፤ ይህም የተለወጠው ቅጂ የፖርተር የራሱ ሥራ ተብሎ ለብዙ ጊዜ ሲታመን ኖረ። ሥዕሉ ያው ሳለ መልኩና ትርጓሜው የተለወጠው በተራው ብቻ ነው።

ከዚህም ይልቅ የሚያስተምረው በሩሲያ አገር የተደረገው ፈተና ነው። ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለው የፊልም መምህር በ1910ዎቹ መጨረሻና በ1920ዎቹ መጀመሪያ ገደማ፥ ሞዡኪን የተባለውን የታወቀ ተዋናይ ፊት፥ ሐዘንም ደስታም የማይታይበትን፥ ከልዩ ልዩ ሥዕል ጋራ አጋጠመው። ከፈተናው ጋራ የነበረው ፑዶቭኪን እንደ ተረከው፥ ፊቱ አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳሕን ጋራ፥ አንድ ጊዜ በሬሳ ሣጥን ከተኛች ሴት ጋራ፥ አንድ ጊዜም ከምትጫወት ሕፃን ጋራ ተቀጠለ። ተመልካቾቹም በሾርባው ላይ ሲተክዝ፥ በሬሳው ላይ ሲያዝን፥ በሕፃኒቱ ላይ ፈገግ ሲል አየነው ብለው ተዋናዩን አደነቁ። ፊቱ ግን በሦስቱም ስፍራ አንድ ነበር። እንግዲህ በእኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው። የልጂቱ ፊት እናቷን በፍቅር ሲመለከት የተነሣ ነው፤ ከባዶ ሙዳይ አስቀድሞ በገባ ጊዜ ግን የሌባ ፊት ሆነ።

ጥፋቱ ከታወቀ በኋላ ሥራው እንዴት እንደ ታረመ በየተራው እንናገራለን፤ ሌላውም ቤተ ሰብ ሊሠራበት የሚችል ነውና።

1ኛ፤ ታሪኩን በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ። ወጣቶቹን «ታሪካችሁ ምንድር ነው?» ባልናቸው ጊዜ አራቱም አራት ዓይነት ተናገሩ። ከብዙ ክርክር በኋላ «እናት ልጇን ለማስተማር ድሪዋን በስውር ትሸጣለች፤ ልጂቱም ይህን ባወቀች ጊዜ ድሪውን ገዝታ ትመልሳለች» ብለው ጻፉ፤ ወረቀቱንም ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ለጠፉት። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ሥዕል «ከዚህ ቃል የትኛውን ታስረዳለህ?» እያሉ ይመረምሩት ጀመር። የፀሐይ መጥለቂያው፥ የጓደኞቻቸው ሣቅ፥ በሰገነት ላይ የተነሣው ጭፈራ ውብ ነበረ፤ ነገር ግን የሚያስረዳው አልነበረውምና ወጣ። በ1 ሰከንድ 25 ሥዕል በሚያነሣ ካሜራ የ4 ደቂቃ ፊልም 6,000 ነጠላ ሥዕል ነው፤ ብዙ ይመስላል፥ ዳሩ ግን ለአንድ ሰው ታሪክ ጠባብ ስፍራ ነው። እንግዳ በበዛበት ቤት ባለቤቱ መቀመጫ ያጣል።

2ኛ፤ ድምፁን ዘግቶ ማየት፥ ተራውንም በወረቀት ማደላደል። ሙዚቃ ጉድለትን ይሸፍናል። ድምፁ ሲዘጋ ግን ታሪኩ የት ላይ እንደ ተቋረጠ ወዲያው ይታያል። ወጣቶቹ የየሥዕሉን ስም በትንንሽ ወረቀት ጽፈው በምንጣፍ ላይ ዘረጉትና ቦታ ያለዋውጡት ጀመር። በዚህ ጊዜ እኅቴ ውሃ ልታቀርብላቸው ገብታ ጥቂት ቆማ ተመለከተች። ከዚያ ዝቅ ብላ «ባዶ ሙዳይ» የሚለውን ወረቀት አነሣችና፥ «ይህ እዚህ አይደለም። እኔ መጀመሪያ ሙዳዩን ከፈትሁ፤ ድሪውን አወጣሁ፤ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁት፤ ከዚያ በኋላ ነው የሄድሁት። አንቺ ተኝተሽ ነበር» አለች። ልጂቱ ይህን ከእናቷ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። በቤቱ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም።

3ኛ፤ የጎደለውን ሥዕል ማንሣት፥ የተጣለውንም መመርመር። በማግስቱ ጧት የእናቲቱ እጅ ድሪውን በነጠላ ጫፍ ሲቋጥር አነሡ፤ ርዝመቱ 3 ሰከንድ ብቻ ነው። አጠገቧም ልጂቱ ተኝታ ትታያለች። ተጥሎ የነበረውንም የመንገድ ሥዕል በኮምፒዩተር ጥቂት አበሩት፤ የተንቀጠቀጠውን ክፍል ቈርጠው 4 ሰከንድ አስቀሩት። ጨለም ማለቱ አልጠፋም፤ ነገር ግን በማለዳ በስውር የምትሄድ ሴት መሆኗን አስረዳ እንጂ አልጎዳም። ሥዕል የሚመረጠው በሚናገረው እንጂ በጥራቱ ብቻ አይደለምና፥ ማንኛውም አቀናባሪ ሥራውን ከመጨረሱ በፊት የጣለውን ሁሉ አንድ ጊዜ መልሶ ይመልከት።

4ኛ፤ የሚያይን ዐይንና የሚታየውን ነገር በጥንቃቄ ማጋጠም። ሰው ሲመለከት ከታየ በኋላ የሚመጣው ሥዕል የተመለከተው ነገር ሆኖ ይቈጠራል። ስለዚህ ያንኑ የልጂቱን ፊት ከሙዳዩ አጠገብ አንሥተው፥ ድሪው በአንጥረኛው ሱቅ ተሰቅሎ ከሚታይበት ሥዕል ቀጥሎ አኖሩት። ፊቱ አንድ ጠጉር እንኳ ሳይለወጥ፥ ቀድሞ ምኞት የመሰለው አሁን የእናቷን ውለታ የተረዳች ልጅ ፊት ሆኖ ታየ።

5ኛ፤ የዘፋኙን ሥዕል በስፍራው ማድረግ። የዘፈን ፊልም ሁለት ነገር ይዞ ይሄዳል፤ አንዱ ዘፋኙ ሲዘፍን የሚታይበት፥ ሁለተኛው ታሪኩ ነው። ዘፋኙ በምክንያትና በውጤት መካከል በገባ ጊዜ ክሩን ይበጥሳል። ድሪው ሲቋጠርና ሲሸጥ መካከል ማንም መግባት የለበትም። ዘመን በሚያልፍበት ስፍራ ግን፥ ይኸውም ልጂቱ ከሄደችበት ቀን አንሥቶ ሥራ እስከ ያዘችበት ባለው ጊዜ፥ ዘፋኙ ቢገባ ድልድይ ይሆናል። ልብሱና የቆመበት ስፍራም ከታሪኩ የተለየ ይሁን፤ አለዚያ ተመልካቹ «ይህ ደግሞ ወንድሟ ነውን?» እያለ ይደክማል።

6ኛ፤ አቅጣጫን መጠበቅ። ልጂቱ ከቤቷ ስትወጣ ከግራ ወደ ቀኝ ከሄደች፥ በመንገድም በአውቶቡስም እንዲሁ ወደ ቀኝ ትሂድ፤ ስትመለስ ከቀኝ ወደ ግራ ትምጣ። በፊተኛው ቅንብር አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ ስለ ዞረ፥ ትሄድ ትመለስ እንደ ሆነ አይታወቅም ነበር። አቅጣጫው በተስተካከለ ጊዜ፥ አንድ ቃል ሳይጻፍ፥ ልጂቱ ወደ ቤቷ መምጣቷን ሁሉ ሰው አወቀ።

7ኛ፤ ለምት ብቻ አለመገዛት። ወጣቶች ከበሮ በተመታ ቍጥር ሥዕል መለወጥ ይወዳሉ። ዋልተር መርች የተባለው አሜሪካዊ የፊልም አቀናባሪ በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ፥ አንድን ቈረጣ መልካም የሚያሰኙትን ስድስት ነገሮች በመቶኛ መዝኖ፥ ለስሜት 51፥ ለታሪክ 23፥ ለምት 10 ሰጥቷል። እንግዲህ በዚህ ሚዛን ምት ሦስተኛ ነው። የእናቲቱ ፊት ድሪውን ለአንጥረኛው ስታስረክብ በሚታይበት ስፍራ፥ ወጣቶቹ ከበሮው ሦስት ጊዜ እስኪመታ ድረስ ሳይቈርጡ ጠበቁ። በፊልሙ ሁሉ ከዚያ የበለጠ የሚነካ ስፍራ የለም።

አንድ ችግር ብቻ ቀረ። ዘፈኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይፈጥናልና ማን እናት፥ ማን ልጅ እንደ ሆነ ለማስተዋወቅ ጊዜ አልነበረም። በዚህ ላይ ከቀደሙት ምሳሌ ወሰዱ። ማይክል ጃክሰን ጆን ላንዲስ ከተባለው አዘጋጅ ጋራ በ1983 «ትሪለር» የተባለውን ሲሠራ፥ 6 ደቂቃ ገደማ የሚሆነው ዘፈን 14 ደቂቃ ገደማ የሆነ ፊልም ወጥቶታል፤ ይህም የሆነው ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊትና በመካከሉም ለታሪኩ ጊዜ ስለ ተሰጠው ነው። የእኛም ወጣቶች ዘፈኑ ሳይጀመር 15 ሰከንድ ጨመሩ። በዚያም ጊዜ እናቲቱ ድሪውን አጥልቃ የልጇን ጠጉር ትሠራለች፤ የሚሰማውም የማበጠሪያው ድምፅና የዶሮ ጩኸት ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ድሪው የማን እንደ ሆነ፥ ሁለቱም እንዴት እንደሚዋደዱ የሚጠራጠር የለም።

ሥራው ባለቀ ጊዜ ከዚህ ቀደም ያላየውን፥ ነገሩንም ያልሰማውን ሰው መፈለግ ያስፈልግ ነበር። የሠራው ሰው ታሪኩን በልቡ ስለሚያውቀው በሥዕሉ ላይ የሌለውን ያያልና ለራሱ ሥራ ዳኛ ሊሆን አይችልም። የጎረቤት ልጅ፥ 9 ዓመት የሆነው፥ ተጠርቶ አየ። ወጣቶቹም «ወደድኸው ወይ?» ብለው አልጠየቁትም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚወልደው ውዳሴን ብቻ ነው። «ምን ሆነ? ንገረን» አሉት። ልጁም ሁሉን በየተራው ተናገረ። በመጨረሻም፥ «እናትየዋ ግን ለምን አልነገረቻትም?» ብሎ ጠየቀ።

በዚህ ላይ ከወጣቶቹ አንዷ «አሁንም አልገባውም ማለት ነው» ብላ ልትጨምርበት ፈልጋ ነበር። ነገር ግን በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ተመልካች «ምን ሆነ?» ብሎ ከጠየቀ ፊልሙ ጎድሎታል። «ለምን ሆነ?» ብሎ ከጠየቀ ግን ታሪኩ ገብቶት በልቡ ይዞት ሄዷል። ፊተኛውን ጥያቄ አቀናባሪው ይመልስ፤ ኋለኛውን ለተመልካቹ ይተውለት።

ዓርብ ማታ ፊልሙ በአዳራሹ ታየ። ባልቴቲቱ ጎረቤታችንም መጥተው ከእኅቴ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ድሪው በነጠላው ጫፍ ሲቋጠር ባዩ ጊዜ የእኅቴን እጅ ያዙ፤ እስከ መጨረሻውም አልለቀቁም። መብራቱ ሲበራ፥ «አንቺ ልጅ፥ ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ብለሽ ኖርሽ!» አሏት። እኅቴም ፈገግ ብላ በባዶ አንገቷ ላይ ነጠላዋን አስተካከለች። እውነተኛው ድሪ እስከ ዛሬ አልተገኘምና፤ በፊልሙ ላይ የታየው ከዘመድ የተዋሱት ነው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁ የሠሩትን ፊልም ባሳዩአችሁ ጊዜ ለማጨብጨብ አትቸኵሉ፤ ለመንቀፍም አትቸኵሉ። ያያችሁትን ብቻ፥ እንዳያችሁት፥ በየተራው ንገሩአቸው። እናንተም ወጣቶች ሆይ፥ ተመልካች ያልገባውን ሲናገር አትከራከሩት፤ ከወዳጅ ሁሉ ይልቅ የሚጠቅማችሁ እርሱ ነው። የሰውን ታሪክ ለመናገር የሚነሣ ሰው የሰውን ስም በእጁ ይዟልና፥ አንዲትን ሥዕል ከቦታዋ ሲያነሣ የማንን ክብር አብሮ እንደሚያነሣ አስቀድሞ ያስብ።